አባባ የሰጡኝ የቤዝቦል ዱላ፦ እውነት የተጫዋች ነው ወይስ የሱቅ?

ጥያቄ፦ የቀጨኔዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። አራት ዓመት የተንከባከብኳቸው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ከሁለት ወር በፊት አረፉ። አባባ ነበር የምላቸው። ቃሉን ለምደውት ስልክ ሲያነሱ ራሱ "አባባ ነኝ" ይሉ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ጠራችኝና ከአልጋቸው ራስጌ የማይለየውን የቤዝቦል ዱላ ሰጠችኝ። "ላንቺ እንዲሆን ነግሮኛል" አለችኝ።

አባባ ዱላው የዝነኛው ተጫዋች የሚኪ ማንትል ነው ይሉ ነበር። በ1963 የ12 ዓመት ልጅ እያሉ አባታቸው ዋሽንግተን ስታዲየም ወሰዷቸው። የማንትል ቡድን ኒውዮርክ ያንኪስ ሊጫወት መጥቶ ነበር። ከጨዋታው በኋላ አንዱ ዱላ አቀባይ ልጅ የተሰነጠቀ ዱላ በአጥሩ በኩል አቀበላቸው። ይሄን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም።

እኔ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር የለም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ርዝመቱ 35 ኢንች ነው። በወጥ ቤት ሚዛን 950 ግራም መዘነ። እጀታው ላይ ስንጥቅ አለ፤ ሁለት ትናንሽ ሚስማር ተመትቶበታል፣ በላዩ ጥቁር ቴፕ ተጠምጥሟል። ከቴፑ በላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር አለ። መሃሉ ላይ የተተኮሰ ሞላላ ምልክት ይታያል። ወፍራሙ ጫፍ ላይም ጽሑፍ አለ፣ ግን ደብዝዟል።

የአክስቴ ልጅ አናጢ ነው። "በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ ቫርኒሽ ቀቢው፣ አዲስ ይሆናል" አለኝ። ዕቃ በመያዣ የሚቀበል አንድ ሱቅ ደግሞ 60 ዶላር ልስጥሽ ብሎኝ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደረጃ የሚሰጡ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለእነሱ መላክስ አለብኝ?


መልስ፦ ሩቅ ተመልካች

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ማንትል የሚል ዱላ በየጋራዡ አለ። ሱቅ ውስጥ ለልጆች የሚሸጠው ሁሉ ስሙ አለበት። ፎርጅዱም በዝቷል። 60 ዶላሩን ብትቀበዪ ይሻልሽ ነበር። ለአንድ ዱላ ይሄን ያህል መድከም ምን ያደርጋል?


መልስ፦ የአናጢው ልጅ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። አራት ዓመት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያንን የብርጭቆ ወረቀት ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። ቫርኒሽ አይንካው። እርጥብ ጨርቅም አይንካው። ቴፑን አትላጪ፣ ሚስማሩንም አትንቀዪ። የአክስትሽ ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔም ያደግኩት አናጢ ቤት ነው። አባቴ ጎጃም በረንዳ አካባቢ እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ ነበረው፤ ያረጀ እንጨት ሲያይ እጁ ቀጥታ ወደ መላጊያው ነበር የሚሄደው። ግን ይሄ ወንበር አይደለም። ዱላው ላይ ያለው እድፍ ነው ምስክርሽ። እሱ ከታጠበ ምስክሩ ሞተ ማለት ነው።

ያ የሚያጣብቀው ጥቁር ነገር የጥድ ዝፍት ሳይሆን አይቀርም። ተጫዋቾች እጃቸው እንዳይንሸራተት ይቀቡታል። ደንቡ ከእጀታው ጫፍ 18 ኢንች ድረስ ነው የሚፈቅደው። በ1983 ጆርጅ ብሬት የሚባል ተጫዋች የመታው ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) ዝፍቱ ከዚያ አልፏል ተብሎ ተሰርዞበት ነበር፤ ሰውዬው በቁጣ እየሮጠ ወደ ዳኛው ሲወጣ የሚያሳየውን ምስል ያላየ የቤዝቦል ወዳጅ የለም። በኋላ ይግባኙ ተሰምቶ ሆም ረኑ ጸደቀ። ወደ ነገራችን ስመለስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ዝፍቱን የሚቀባበት የራሱ ቦታ አለው። አንዱ ከእጁ በላይ፣ ሌላው እስከ መሃሉ። መርማሪዎቹ ይሄን እንደ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው የሚያዩት።

አሁን ታሪኩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ዱላውን ራሱን አንብቢው።

ከሞላላው ምልክት ጀምሪ። የሉዊቪል ስለገር ዱላ ይመስለኛል፤ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ከተማ የሚሠራ ነው። ሞላላው መሃል ላይ በትልቁ የተጻፈው ምንድን ነው? የፋብሪካው ስም፣ ሂለሪች ኤንድ ብራድስቢ ከሆነ ጥሩ ነው። በ1980 አካባቢ ያ ተቀይሮ መሃሉን ሉዊቪል ስለገር የሚለው ያዘው። እሱ ከሆነ የተጻፈው፣ ዱላው በ1963 አልነበረም፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ከሞላላው ሥር 125 የሚል ቁጥር ካለ ደስ ይበልሽ፣ ግን አትዘይ። 125 ለሱቅ ዱላም ተተኩሷል።

ቀጥለሽ ኖቡን እዪ። ኖብ የሚሉት የእጀታውን ክብ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንደ 33 ወይም 34 ያለ ቁጥር ብቻውን ካለ፣ የሱቅ ዱላ ነው፤ ቁጥሩ ርዝመቱን በኢንች ይነግርሻል። ለትልቁ ሊግ ተጫዋች የተሠራው ግን ፊደልና ቁጥር አለው። ፊደሉ ሞዴሉ መጀመሪያ የተሠራለት ተጫዋች የአባት ስም መነሻ ነው። ቁጥሩ በዚያ ፊደል ስንተኛው ሞዴል እንደሆነ ያሳያል። የዴሪክ ጂተር ዱላ ፒ 72 ነበር፤ ፒ ያለው ጂተርን አይደለም፣ ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ ተጫዋችን ነው። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ይወደው የነበረው ዩ 1 ደግሞ ኖብ የለውም ማለት ይቻላል፤ እጀታው እየሰፋ ሄዶ እንዲሁ ያልቃል። እነዚህ ምልክቶች ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 ኖቡ ላይ ነበሩ። በ1976 ወደ ወፍራሙ ጫፍ ተዛወሩ። ስለዚህ የ1963 ዱላ ከሆነ ኖቡ ይናገራል።

ከዚያ ስሙ። በእጅሽ አታሺው፣ አትጥረጊው። ማታ መብራት አጥፊና የስልክሽን መብራት ከጎን፣ ከእንጨቱ እኩል አድርገሽ አብሪበት። የተተኮሰ ፊደል ጎድጎድ ስለሚል ጥላ ይሠራል። በቀን የማይነበብ ጽሑፍ እንደዚያ ይወጣል፤ እኔ በዚህ ዘዴ ስንት ዱላ አንብቤያለሁ። ማየት ያለብሽ ፊርማ ነው ወይስ የኅትመት ፊደል የሚለውን ነው። በ1905 ሆነስ ዋግነር የሚባል ተጫዋች ከፋብሪካው ጋር ተፈራርሞ ፊርማው ዱላ ላይ ከተተኮሰ ወዲህ፣ ውል ያለው ተጫዋች በፊርማው ነው የሚወጣለት። ውል የሌለው ስሙ በትልልቅ የኅትመት ፊደል ይተኮሳል። ማንትል ውል ነበረው። ስለዚህ ፊርማ ካልሆነ ማንትል አይደለም። ፊርማ ከሆነም ገና ብዙ ይቀራል፤ ለሱቅ የሚሸጠውም የኮከቦቹን ፊርማ ይዞ ነበርና። ሩቅ ተመልካች ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው።

የመጨረሻው የመጫወት ምልክት ነው። አብዛኛው የዚያ ዘመን ዱላ አሽ ከሚባለው እንጨት ነው የሚሠራው። የአሽ መስመሮች ግልጽ ናቸው። ዱላው በመስመሮቹ ጠርዝ በኩል ሲመታ ነው ጠንካራ የሚሆነው፤ ተጫዋች ሞላላውን ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዙሮ የሚይዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የኳስ ጠባሳ አንድ ጎን ላይ ይከማቻል። ኖቡን ወደ ራስሽ፣ ሞላላውን ወደ ላይ አድርገሽ ያዢው። በቀኝ የሚመታና ምልክቱን ወደ ላይ የሚያደርግ ተጫዋች ከሆነ፣ ጠባሳው በግራ በኩል ነው። የኳሱ ስፌት ጥርስ ሳይቀር ታትሞ ታገኛለሽ። እዚያው ቦታ እንጨቱ በመስመሩ ተላቆ ቅጠል ቅጠል ማለት ከጀመረ፣ ብዙ ተመቶበታል ማለት ነው። ዙሪያውን እኩል የተበተነ ጠባሳ ካየሽ ግን ጠርጥሪ። ፎርጅድ ሠሪ ኳስ ይዞ ዙሪያውን ይደበድበዋል፤ ከዚያ የጫማ ቀለም ያሽበታል።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለተጎዳሁ ነው። በ2009 አንድ የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ የማንትል ዱላ በ900 ዶላር ገዛሁ። የአራት ወር ትርፍ ሰዓት ገንዘብ ነበር። ሻጩ ደብዳቤ ነበረው፣ ታሪክ ነበረው፣ ፊርማው ያምራል። ቤት ወስጄ ማታ ኖቡን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ጠፍጣፋ ነው። ከቶርኖ የወጣ እንጨት ጫፉ ላይ የቢላው ክብ ዱካ ይቀራል፤ ይሄኛው ተፍቋል። የሱቁን ቁጥር አጥፍተው በሻይ ቀለም አስረጅተውታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አባቴ ያስተማረኝን እጄን ትቼ የሰውየውን አፍ ማመኔ ነው ያቃጠለኝ።

ሩቅ ተመልካች፣ "ለአንድ ዱላ" ላልከው፦ እኛ አገር የገና ዱላ የሚመርጥ ልጅ ቆልማማውን ፍለጋ ስንት ጫካ ይዞራል። ዱላውን ቅቤ ያሻል፣ ጭስ ያጠጣል። የቤዝቦል ተጫዋቾችም እንደዚያ ናቸው። ድሮ ዱላቸውን በከብት አጥንት እያሹ እንጨቱን ያጠብቁት ነበር። ቴድ ዊሊያምስ የሚባለው ተጫዋች ፋብሪካው ድረስ ሄዶ እንጨቱን በመስመሩ ጥበት ይመርጥ ነበር። ሰው እንደዚህ የለፋበት ዕቃ ሲገኝ፣ የማን እንደሆነ መጠየቅ ድካም አይደለም።


መልስ፦ ከመጋዘን

የአናጢው ልጅ ስለ እንጨቱ ብዙ ብሏል። እኔ ጨረታ የሚያካሂድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለ ወረቀቱ ልጨምር።

የቀጨኔዋ፣ ከሁሉ በፊት ከልጃቸው የተፈረመ ደብዳቤ ተቀበዪ። ነገ ዛሬ ሳትዪ። አባቷ ዱላውን መቼና የት እንዳገኙ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ለአንቺም በፈቃዳቸው እንደሰጡሽ ይጻፍበት። አንደኛ፣ የሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ማንም ተነስቶ "ከየት አመጣሽው" እንዳይልሽ። ሁለተኛ፣ የዱላው የዘር ሐረግ ያ ነው።

ዝነኛው የያንኪስ ተጫዋች ቤብ ሩት በያንኪ ስታዲየም የመጀመሪያውን ሆም ረን የመታበት ዱላ፣ ሚያዝያ 1923 ማለት ነው፣ በ2004 ሶዝቢስ በሚባለው የጨረታ ቤት በ1,265,000 ዶላር ተሽጧል። ሩት ያንን ዱላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ የተማሪዎች ውድድር አሸናፊ ሽልማት ነበር የሰጠው፤ ዱላው ላይም ጽፎበታል። አሸናፊው ልጅ አርጅቶ ሲሞት ለማን ትቶት እንደሄደ ታውቂያለሽ? ለተንከባካቢው። እሷም አልጋዋ ሥር አስቀምጣው ኖረች። እንዳንቺ ያለች ሠራተኛ ናት። የአንቺ ዱላ ያን ያህል ያወጣል እያልኩሽ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት መንገድ ግልጽ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም ለማለት ነው።

ደረጃውን በተመለከተ፣ ፒኤስኤ የሚባለው መርማሪ ድርጅት ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ሜርስ የሚባለውም እስከ ኤ10 የሚደርስ የራሱ መለኪያ አለው። የተጫዋች ፎቶ ያለበትን የቤዝቦል ካርድ ከለመድሽ ይሄ ይገለበጥብሻል። ካርድ ሲሆን ንጹሑ ነው የሚበልጠው። ዱላ ሲሆን ግን ያልተመታበት፣ የሚያብረቀርቅ ዱላ ለተጫዋቹ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ በጨዋታ ያረጀው ይበልጠዋል። መጀመሪያ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ያመሳክሩታል። ፋብሪካው ለየትኛው ተጫዋች መቼ፣ በምን ሞዴል፣ በምን ርዝመትና ክብደት እንደላከ ጽፎ ይዟል። መዝገቡ የሚጀምረው 1930 አካባቢ ነው። የአንቺ 950 ግራም 33 አውንስ ተኩል ገደማ ነው፤ እንጨት በዓመታት ስለሚደርቅ መዝገቡ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ብታገኚው አትደንግጪ። ከዚያ የመጫወቱን ምልክት፣ የተጫዋቹን ልማድ፣ ወረቀቱን ይጨምራሉ። ለስንጥቅ ይቀንሳሉ፣ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ዱላ ከሜዳ የሚወጣው ስለተሰነጠቀ ነው። የሚጎዳው በኋላ የተጠገነው፣ የተፋቀው፣ የተቀባው ነው።

የሚሰጡሽን ደብዳቤ ቃል በቃል አንብቢው። ብዙውን ጊዜ "ከተጫዋቹ አጠቃቀም ጋር ይስማማል" ነው የሚለው። "በዚህ ቀን በዚህ መትቷል" ማለት አይደለም። እንደዚያ ለማለት ከጨዋታ ፎቶ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ዱላ አንድ አይሆንም። ጥርት ያለ ፎቶ ከተገኘ ጉዳዩ ያልቃል።

የከፍተኛው ሊግ ማኅተም የለውም ብሎ የሚያጣጥልብሽ ሰው ካለ አትስሚው። ያ ተለጣፊ የመጣው በ2001 ነው።


መልስ፦ የቀጨኔዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የብርጭቆ ወረቀቱን ለአክስቴ ልጅ መልሼለታለሁ።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ገብቼ እንዳላችሁኝ አደረግሁ። ሞላላው መሃል ላይ ሂለሪች ኤንድ ብራድስቢ ነው የሚለው። ከሥሩ 125 አለ። በስተቀኙ ፓወራይዝድ የሚል ተተኩሷል። ኖቡ ላይ ኤም 110 ይላል፤ ሌላ ቁጥር የለውም። በአውራ ጣቴም ዳበስኩት፣ ክብ ክብ ዱካው አለ። ጠባሳው በግራ በኩል ነው፤ ስፌቱ ይታያል፣ እንጨቱም እዚያ ላይ ተላቋል።

ከዚያ ስሙን በስልክ መብራት አየሁት። የኅትመት ፊደል ነው። ማንትል አይልም። ሌላ ስም ነው፤ ፈልጌ አገኘሁት፣ ለዋሽንግተን ጥቂት ጊዜ የተጫወተ ሰው ነው፣ ብዙም የሚያውቀው የለም። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። አባባ ያን ሁሉ ዓመት ተሳስተው ኖሩ ማለት ነው? ለልጃቸውስ ምን እላታለሁ?


መልስ፦ የአናጢው ልጅ

እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። የጻፍሽው በጣም ጥሩ ዜና ነው።

አስቢው። ሱቅ የማያውቁትን ተጫዋች ስም የያዘ ዱላ አይሸጥም፤ የትኛው ልጅ ይገዛዋል? ፎርጅድ ሠሪስ ለማን ብሎ ይደክማል? እንዲህ ያለ ስም በኅትመት ፊደል፣ ከኤም 110 ጋር ኖቡ ላይ ሲገኝ፣ ዱላው ከፋብሪካው በቀጥታ ለዚያ ሰው ተልኮ ነበር ማለት ነው። ኤም 110 በዚያ ዘመን ብዙ ተጫዋች የሚያዘው ሞዴል ነው። ጠባሳው ደግሞ በጨዋታ እንደተመታበት ይናገራል።

አባባም አልዋሹሽም። በአጥሩ በኩል ያቀበላቸው ዱላ አቀባይ ከየትኛው ቡድን እንደነበር የ12 ዓመት ልጅ በምን ያውቃል? ያን ቀን ማንትልን ሊያዩ ነው የሄዱት፤ ዓይናቸው የነበረው እሱ ላይ ነው። ዋሽንግተን ሴናተርስ ደግሞ በ1963 106 ጨዋታ ተሸንፎ ከሊጉ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነው። የዚያ ቡድን ሰው ዱላ ተሰንጥቆ ለልጅ ቢሰጥ ምን ይገርማል። ስታዲየሙ፣ ዓመቱ፣ ስንጥቁ፣ ሁሉም ከነገሩሽ ጋር ይገጥማል። የተሳሳተው ስሙ ብቻ ነው። ለልጃቸው እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ አባትሽ የነበሩበት ቦታ እውነት ነው።

ዋጋው የማንትልን ጫፍ አይነካም። ስለዚህ ለመሸጥ ካላሰብሽ ለደረጃ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። የማረጋገጫው ክፍያ ከዱላው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ምድር ቤት አታስቀምጪው፣ ከማሞቂያም አርቂው። በላስቲክ አትጠቅልዪው፣ እንጨት ያፍናል፤ ያረጀ የጥጥ ነጠላ በቂ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሚስማሩንና ቴፑን ማን እንዳደረገው ልጃቸው ታውቃለች?


መልስ፦ የቀጨኔዋ

ታውቃለች። ትናንት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ተነስታ ከመሳቢያ አንድ ፎቶ አመጣች። አባባ ልጅ ሆነው በረንዳ ላይ ቆመዋል፣ ዱላውን በትከሻቸው ይዘውታል። ቴፑ ያኔም አለ። ሚስማሩን አባታቸው እንደመቱላቸው፣ ቴፑን ግን ራሳቸው እንደጠመጠሙት ይነግሯት ነበር። በዚያው ዱላ ሰፈር ውስጥ እንዳይጫወቱ እናታቸው ተቆጥተው ነው ከአልጋው ራስጌ የገባው።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። የተጫዋቹን እውነተኛ ስም አስገባን፣ እሷ ፈረመች። የፎቶውንም ቅጂ ሰጠችኝ፤ ከጀርባው በእርሳስ 1963 ይላል። የእናቴን ነጠላ አውጥቼ ጠቅልዬዋለሁ። ቅዳሜ ቀኑ ብርሃን ሲሆን ኖቡንና ግራ ጎኑን ፎቶ አንስቼ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ የአናጢው ልጅ፣ ያ የተላቀቀው እንጨት እየሰፋ እንዳይሄድ ምን እንደማደርግ ያኔ አይተህ ትነግረኛለህ።